የስመኝ ተራ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ልጄ አሁን በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል፤ እሱም አልሰማውም። የንስሐ አባቴስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ፍየሌ የበላችውን የጎረቤት ባቄላ ሳይቀር ተናዝዣለሁ። በጾም የቀመስሁትን፣ በገበያ በሐሰት የማልሁትን፣ በሰው ላይ የተናገርሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይችን አንዲቱን ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በምላሴ ሥር ይዣት ኖርሁ። ለምን? ያን ዕለት ዳቦውን ባርከው የቆረሱት እሳቸው ስለነበሩ ነው። «አባቴ፣ የባረኩት ዳቦ የተሰረቀ ነበር» ብዬ እንዴት ልንገራቸው? እነሆ እሳቸውም ዐረፉ። አሁን የቀራችሁኝ እናንተ አንባቢዎች ናችሁ። መስቀል በእጃችሁ ባይኖርም ስሙኝ።

የምኖረው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ መምህር ከሆነው ልጄ ከይበልጣል ጋር ነው። በሰፈሩ የደግ አዛውንት ስም ወጥቶልኛል፤ ሳልጠይቅ ወንበር ይለቁልኛል። ሰሞኑን የልጄ ሚስት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ገናን ከተፈናቀሉትና ከተቸገሩት ጋር እንዋል ተብሏል። እህሉ ተሰብስቦ ሲሰጥ እርስዎ ከፊት ሆነው ስለ ምስጋና ሁለት ቃል ይናገሩልን ብለዋል» አለችኝ። ስለ ምስጋና! እኔ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ሰው ደግ ቢለኝም ሆዴ የሚያውቀውን ያውቃል።

የተወለድሁት ወይራ አምባ ነው፣ ከእኛው አገር ደብር ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ። በካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። በታኅሣሥ ግን አገር ማለት እሷ ነበረች። ስንዴው ከክምር ወርዶ ይወቃል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ መንሹን ይዞ ወደ አውድማ ይሮጣል። ገለባው በቅንድባችን ላይ ሳይቀር ያርፍና ጎረምሳው ሁሉ ሽማግሌ ይመስላል፤ በዚያ እንሣሣቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዱላችንን ይዘን ለገና ጨዋታ ሜዳ እንወርዳለን። የአገሩ ዳኛ ሳይቀር ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ እያነከሰ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል የግዱን ይስቃል። ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ያ ሣቅ የት ገባ? አንዳንድ ቀን ከዚህ ከተማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የዚያን ሜዳ አቧራ እናፍቃለሁ። ናፍቆቴ ግን እንዳሻኝ አይተወኝም። መንደሩን ዞሮ ዞሮ ሁልጊዜ አንድ ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ የስመኝ ደጃፍ።

ማኅበራችን የባለ ወልድ ነበር። በየወሩ በሃያ ዘጠኝ እየተሰበሰብን እንጠጣ ነበር። አሥራ አንድ አባወራ ነበርን፤ አሥራ ሁለተኛው ራሱ ጌታ ነው እንል ነበር። ጽዋችን ክዳን ያላት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ናት። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በዝማሬ ታጅባ ከተረኛ ወደ ተረኛ ትሄዳለች፤ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ወር ትቀመጣለች። ጽዋ ያለበት ቤት አይጣሉም፣ አይሳደቡም። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ሙሴው እኔ ነበርሁ። ተራ የምጠብቀው፣ የተጣላ የማስታርቀው፣ የቀረውን «ምነው ቀረህ?» የምለው እኔ ነበርሁ። ቃሌም ይታመን ነበር።

አሥራ አንድ ሰው በዓሥራ ሁለት ወር ሲዞር፣ ተራው በየዓመቱ በአንድ ቤት ይገፋል። ስለዚህ የታኅሣሡ ሃያ ዘጠኝ፣ ማለት የገና ዕለት ራሱ፣ ለአንድ ቤት የሚደርሰው በዓሥራ አንድ ዓመት አንዴ ነው። ሰው ያን ቀን እንደ ልጅ ሠርግ ይጠብቀዋል። ይህ ነገር በሆነበት ዓመት የደረሰው ለአላምረው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለእኔ ይደርስ ነበር። ይህችን ነገር ልብ አድርጉልኝ።

አላምረው የስመኝ ባል ነው። አብረን ፊደል ቆጥረናል፤ በሬ ተቀናጅተን አርሰናል። ከዚያ ገና በፊት በነበረው ሐምሌ ሳል ይዞት ተኛ፤ ሳይነሣም ቀረ። ስመኝ ጥቁር ለብሳ በማኅበሩ የባሏን ቦታ ያዘች። ሕጋችን ነው፤ ባል ቢሞት ተራው አይሞትም።

አላምረውን በቀበርን በሳምንቱ የእኔው ይበልጣል ታመመ። የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ዓይኑ መስለምለም ሲጀምር ከደጅ ወጥቼ በጭቃው ላይ ተንበረከክሁና፣ «ጌታዬ፣ ይህን ልጅ ብትተውልኝ የልደትህን ቀን በቤቴ፣ በሬ አርጄ፣ አገር ጠርቼ አመሰግንሃለሁ» ብዬ ተሳልሁ። ልጁ ዳነ። በፍልሰታ ጾም ማብቂያ ላይ ጫጩት ሲያባርር ሳየው እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ምስጋናዬ እውነት ነበር። ይህን የምላችሁ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ ጥፋቴን የሚያከብደው እሱ ነው።

አንድ ዓመት ብጠብቅ ገና በራሱ እግር ወደ ቤቴ ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት! ጌታ «ዘንድሮ ካልሆነ» ብሎኛል? አላለኝም። ያለኝ የገዛ ልቤ ነው። አማቶቼ ሊመጡ ነበር፤ የጎረቤት ደብር ካህናት ሊመጡ ነበር፤ ወሬው ሳይቀዘቅዝ «ፈንቴ ልጁ ቢድንለት እንዴት አድርጎ አመሰገነ!» እንዲባልልኝ ፈለግሁ። በልጄ ደስታ ላይ ትንሽ ጭብጨባ ፈለግሁ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

በኅዳር ሃያ ዘጠኝ ማኅበር ስንጠጣ ስመኝ አልነበረችም። አርብ ገበያ ከተማ ያለችው ልጇ ወልዳ አራሷን ልታርስ ሄዳ ነበር። ሲያበቃ ጽዋው ወደ እሷ ቤት መሄድ ነበረበትና «ማን ያድርስላት?» ተባለ። ተነሣሁ። «ስመኝ በእኔ ልካለች» አልሁ። «‹በዚህ ሐዘኔ ገናን አልችለውም፤ ለፈንቴ ይሁንና እኔ በእሱ ፈንታ ጥርን ልውጣ› ብላለች» አልሁ። አላለችም። አልላከችም። እኔ ነኝ ያልሁት። አፌን ሞልቼ፣ ጽዋው ፊት ቆሜ፣ እኔ ነኝ ያልሁት።

«አበጀች፤ አቅሟን አወቀች» አሉ ሽማግሌዎቹ። የንስሐ አባቴም፣ «እንግዲህ ፈንቴ፣ አንተ ውሰዳት» አሉ። ጽዋዋ በነጭ ጨርቋ ተጠቅልላ እጄ ላይ ስታርፍ ምንም አልከበደችኝም። ልትከብደኝ አይገባም ነበር?

አሁን ደግሞ ለእሷ መንገር ነበረብኝ። ከልጇ ዘንድ መመለሷን ሰምቼ ብዙ ቀን ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ገና ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው አንድ ጠዋት ሄድሁ። በደጃፏ ሰፌድ ሙሉ ብቅል ለፀሐይ ተሰጥቷል። ጌሾው ተወቅጦ በቁና ተቀምጧል። ጋኑ ታጥቦ ተደፍቷል። እሷ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። አላየሁም ብላችሁ ደስ ባለኝ። አይቻለሁ። ሁሉንም አይቼ ነው አፌን የከፈትሁት።

«ግባ ወንድምዓለም» አለችኝ። «ጽዋው ምነው ቀረብኝ? እኔ እኮ ከመጣሁ ጀምሮ መንገድ መንገዱን አያለሁ።»

«እታለም፣ ማኅበርተኛው ተነጋገረ» አልሁ። «‹ስመኝ ሐዘንተኛ ናት፤ በዚህ ጉዳቷ አናስቸግራት። ገናን ፈንቴ ይያዝላትና እሷ ጥርን ትወጣለች› አሉ።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። «አላምረው ሊሞት ሲል ‹ገናን እንዳታሳልፊብኝ› ብሎኝ ነበር» አለች። «ሐዘን ያለበት ቤት ጠልተው ይሆን?»

«ኧረ በማርያም! አዝነውልሽ ነው እንጂ።»

«ማኅበርተኛው ካለ ምን እላለሁ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ።»

በማርያም ስም ማልሁ፤ ምስጋናዋንም ተቀብዬ ተመለስሁ። ሁለት ሐሰት ነው የተናገርሁት፤ ለማኅበሩ አንድ፣ ለእሷ አንድ። ሁለቱንም በርኅራኄ ነው የጠቀለልኋቸው፤ ልክ ጽዋዋ በነጭ ጨርቅ እንደምትጠቀለል። ለመሆኑ የተጎዳ ሰው መቀበል ብቻ ነው የሚሻው ያለው ማን ነው? ስመኝ ባሏን አጣች እንጂ እጇን አላጣችም። እሷም የምታመሰግንበት ነበራት። የልጅ ልጅ ታቅፋ ነው ከአርብ ገበያ የተመለሰችው። እኔ የልጄን ምስጋና ልፈጽም የእሷን ምስጋና ከአፏ ነጠቅሁ።

ገና ደረሰ። እንደዚያ ያለ ገና በወይራ አምባ ታይቶ አያውቅም ቢባል ሐሰት አይደለም። በሬው ታረደ። ድሃ፣ ዕውር፣ አንካሳ ሳይቀር ከአጥር ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ይበልጣል አዲስ ጥብቆ ለብሶ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ይዘላል። ዛሬም ያን ጠዋት ሳስታውሰው የበሬው ሥጋ ሽታ፣ የሴቶቹ እልልታ፣ የልጄ ሣቅ ይመጣብኛል፤ ለቅጽበትም ደስ ይለኛል። ይህ ራሱ ያናድደኛል። በዕድሜዬ ካየኋቸው ቀኖች ሁሉ ያማረው ያ ቀን መሆኑ ያናድደኛል።

በእኛ አገር የሐዘንተኛን የመጀመሪያ በዓል ጎረቤት ነው የሚያስውለው። ስለዚህ ካህናቱ ዐረፍ ብለው እስኪመጡ ሚስቴን እናትነሽን ሌማት አስይዤ ወደ ስመኝ ሰደድኋት። እንጀራውን በወጥ፣ ሥጋውን ለብቻ፣ አንጀት እንዲርስ አድርጌ ነው የሰደድሁት። ደግ ሰው ነኛ! ሌማት ግን በአገራችን ባዶውን አይመለስም። እናትነሽ ስትመለስ ሌላ ሴት አግዛት ነበር የመጣችው። ሦስት ድፎ ዳቦ፣ በኮባ የተጋገረ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሰፋ። አንድ እንስራ ጠላም ነበር።

ሚስቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ፈንቴ፣ ይህ የአንዲት ሐዘንተኛ ዳቦ ነው? ለማን ጋግራው ኖሯል?»

«ለልጇ ቤት ይሆናል» አልሁ።

«ልጇ አራስ ናት፤ ከአርብ ገበያ አትመጣም።»

«እንግዳ ቆሟል፣ አቅርቢው» አልኋት።

ከእኛ ዳቦ ሁሉ የእሷ ስለሚበልጥ ከላይ ተቀመጠ። የንስሐ አባቴ መጡ፤ ጸሎቱን አደረሱ፤ መስቀላቸውን አሳርፈው ያን ከላይ ያለውን ባረኩና ቆረሱ። የመጀመሪያው ቁራሽ የሙሴ ድርሻ ነውና ለእኔ ተሰጠኝ። በላሁት። ጠላው ሲዞር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ዋንጫውን ከአፉ አንሥቶ፣ «ይህስ የማን እጅ ነው? እንዲህ ያለ ጠላ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «የቤታችን ነው» አልሁ። እናትነሽ አየችኝ። ባሏን በሰው ፊት አታዋርድምና ዋንጫውን ሞልታ ለሚቀጥለው ሰጠች። በኋላም አልጠየቀችኝም። እስክትሞት አልጠየቀችኝም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጽዋዋን ለጥር ወር ተረኛ ለስመኝ ልናደርስ እየዘመርን ወጣን። ጽዋዋን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ስመኝ ዝማሬውን ሰምታ ከደጃፏ ወጥታ ቆማለች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነበር። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። በመደቡ ላይ ዋንጫ ተደርድሯል፤ ቆጠርሁት፣ አሥራ አንድ ነው። አታሰናጂ ብያት ሄጄ አሰናድታለች። ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብላ ይሆን? ወይስ ለአላምረው ቃል ብላ? አላውቅም።

ለጽዋዋ ሰገደች፤ መሬት ስማ ተነሣች። «ማኅበርተኞቼ፣ እግዜር ያክብራችሁ» አለች። «የእኔ ተራ ዛሬ ነበር። ዛሬ ካለፈኝ እንግዲህ አልፎኛል። ጽዋውን ለሚቀጥለው ስጡት።»

ሰው አጉረመረመ። ከኋላዬ ያለው ሽማግሌ በጆሮዬ፣ «ለውጡልኝ ብላ ለምና አሁን ደግሞ እምቢ? ይህ ኩራት ነው» አለኝ። ይህን ጮክ ብሎ ቢናገረው ነገሩ ሁሉ ይፈርጥ ነበር። እሷ «መቼ ለመንሁ?» ትል ነበር፤ እነሱ ወደ እኔ ይዞሩ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። «ያጠፋሁ እኔ ነኝ» ማለት። ጽዋዋ በእጄ፣ ዕለቱ ገና፣ የንስሐ አባቴ ከጎኔ። ከዚያ የተሻለ ቦታና ቀን ለንስሐ ማን ያገኛል? እኔ ግን ድምፄን አለስልሼ፣ «ተዉአት ወገኖቼ፤ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግራት» አልሁ። ሰው ከንፈሩን መጠጠላትና ዞረ። ስመኝ ከንፈር ሲመጡላት አየች። ጽዋዋን ይዘን ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድን፤ ዝማሬውም ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ማኅበርተኛው «ኮራችብን» አለ። እሷ ደግሞ «ጠሉኝ» ብላ ቀረች። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ይሉኝታ ሁሉንም አፍ ዘጋ። እኔ የማስታርቀው ሙሴ በመካከላቸው ቆሜ የሁለቱንም ዝምታ እንደ በር ጠባቂ ጠበቅሁ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስመኝ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ወደ ልጇ ወደ አርብ ገበያ ሄደች። አንድ ጊዜ በአርብ ገበያ በገበያተኛው መካከል አየኋትና ከአህዮች ኋላ ተደበቅሁ። ጎልማሳ ሰው፣ ሙሴ፣ ከአህያ ኋላ! ቆይቶ መነኮሰች ሲሉ ሰማሁ። የእሷን ወራት ሌሎች እየያዙላት ተራው ሳይዛባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ገና ወደ ቤቴ ሲመጣም አስተናገድሁ። ሁለት ገና በተከታታይ ያስተናገደ ሰው በማኅበራችን እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ይህን እንደ ጸጋ ቆጠረልኝ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁ፤ ይህኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

እናትነሽ በሞተች በዓመቱ፣ አራት ዓመት ይሆነዋል፣ ገናን በቤተ ልሔም ልሳለም ሄድሁ። ቅዳሴው አልቆ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጬ እግሬን ሳሽ አንድ የቆሎ ተማሪ መጣና፣ «አባባ፣ እማሆይ እንግዳ ጥሩልኝ ብለውናል፤ ዘመድ ከሌለዎት ከእኛ ጋር ይዋሉ» አለኝ። ተከተልሁት። ከግንቡ ኋላ አንዲት ጎጆ አለች። ስምንት ዘጠኝ ተማሪ ተቀምጧል። ዓይኖቿን ሞራ የሸፈናቸው አንዲት መነኩሲት ከመደብ ላይ ናት፤ ከጎኗ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማሰሮ።

«እማሆይ በየወሩ በሃያ ዘጠኝ እንዲህ ያበሉናል» አለኝ ተማሪው። «‹ተራው የእኔ ነው› ይላሉ፤ ሁልጊዜ ተራው የእሳቸው ነው» ብሎ ሣቀ። ተማሪዎቹ ለምነው ያመጡትን ቁራሽ ሳይቀር ከእሷ ዳቦ ጋር አንድ ላይ አድርገው ነው የሚበሉት።

ዳቦውን ሳታስቆርስ ስም መጥራት ጀመረች። ድምፅዋን በዚያ ጊዜ ነው ያወቅሁት። «አላምረውን ነፍሱን ይማርልኝ» አለች። «ማኅበርተኞቼን ጠብቅልኝ» ብላ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። «ሙሴያችንን ፈንቴን። ሚስቱን እናትነሽን። ያን ታሞ የዳነላቸውን ልጅ ይበልጣልን አሳድግላቸው።» ይበልጣል በዚያ ጊዜ የልጆች አባት ነበር። እናትነሽ ደግሞ ከመቃብር ነበረች። ስመኝ ግን በየወሩ በሃያ ዘጠኝ ልጄን ታሳድግ ኖራለች። የተማሪዎቹ «አሜን» ቤቱን ሞላው። እኔ አሜን ማለት አቃተኝ።

«እንግዳው ከየት መጡ?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«ከስማዳ» አልሁ።

ከስማዳ! ጴጥሮስ እንኳ እሳት ዳር ሆኖ፣ ሰው ከቦት ነው የካደው። እኔን ማን ከበበኝ? አንዲት የማታይ ሴትና ጥቂት የተራቡ ተማሪዎች።

ዳቦዋን በላሁ። ለሁለተኛ ጊዜ የስመኝን የገና ዳቦ በላሁ። ልወጣ ስነሣ እጄን ይዛ አስቀረችኝ።

«ወደ ወይራ አምባ የሚያልፍ ሰው ያገኙ እንደሆነ አንድ መልእክት ይላኩልኝ» አለች። «እዚያ የባለ ወልድ ማኅበር አለ። ሙሴው ፈንቴ ደግ ሰው ነው፤ ይሰማል። ‹ስመኝ አልተቀየመችም› ይበሉልኝ። ‹ግን ጥፋቴ ምን እንደነበረ ንገሩኝ፣ ንስሐ ልግባበት› ትላለች ይበሉልኝ። ስንት ዓመት ሙሉ አስቤ አጣሁት። ጠላዬ ተነቅፎ እንደሆነ፣ አንዱን በቃል አስቀይሜ እንደሆነ፣ አላውቅም። ጽዋ ያለ ጥፋት ሰው አያልፍም። ሳልናዘዘው እንዳልሞት እፈራለሁ።»

«እሺ እማሆይ፤ አደርሳለሁ» አልሁ።

መደቡን ዳብሳ ተቀመጠች፤ ደስ አላት። እኔ ወጣሁ። መልእክቱን ለማን አደርሳለሁ? ተቀባዩ እኔ፣ መልሱም እኔው ነኝ። መልሱ ከእሷ እጅ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ቆሞ «እሺ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አልተመለስሁም። እግሬ አያደርሰኝም ልላችሁ ነበር፤ መኪና አለ። መንገዱ አይደላም ልላችሁ ነበር፤ በደላበት ወር ምን አደረግሁ? ሰው አላገኘሁም ልላችሁ ነበር፤ የቤተ ልሔም ተማሪ በዚህ በር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሳይለምን የዋለበት ሳምንት የለም። ሰጥቼ አሰናብቻቸዋለሁ። ቁራሽ ሰጥቼ፣ ቃሉን ከልክዬ።

ስለዚህ የዘንድሮውን ሁለት ቃል አልናገርም። ለልጄ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ፤ ያንብበው፤ ታሞ ከዳነ በኋላ በማን ጸሎት እንዳደገ ይወቅ። ለወይራ አምባ ማኅበርም ይላክልኝ፤ በገና ዕለት ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ይነበብ። ስመኝ ለውጡልኝ አላለችም። አልኮራችም። ጥርን አልለመነችም። በዚያ ቀን «እንዲህ ያለ ጠላ» ያላችሁትም የእሷ ነበር። «እግዜር ይፍታህ» እንዳትሉኝ፤ እሱን ልትለኝ የምትችለው አንዲት ሴት ናት፣ እሷም ይቅርታዬን ሳይሆን ጥፋቷን እየፈለገች ነው።

በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እናንተ ግን ወደ ቤተ ልሔም የምታልፉ ከሆነ፣ ከግንቡ ኋላ ያለችውን ጎጆ ጠይቁ። እማሆይ የሚሏት፣ በሃያ ዘጠኝ የማኅበርተኞቿን ስም የምትጠራ፣ ዓይኗን ሞራ የሸፈነው ሴት ናት። ዳቦዋን ብሉላት፤ አትግደርደሩ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጡና ይህን አንብቡላት። እንደ እኔ «እሺ» ብላችሁ እንዳትቀሩ።

እታለም ስመኝ፣ ምንም አላጠፋሽም። ያን ቀን ተራው የአንቺ ነበር።